የተደፋው ብርጭቆ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? የዚያ አገር ብርድ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ጣትሽ እየደነዘዘ ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ታውቂዋለሽ፣ አልጋ በጎተትኩ ቁጥር አለሁ ይላል። እማዬም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ስለዚህ ደህና ናት።

አስቀድሜ የጎረቤታችንን የባለስፌቷን ነገር ልንገርሽ፣ እሱን ሳልነግርሽ ብዕሩም አይሄድልኝ። ዓይናቸውን ተሠሩ። የቀኙን ነው፣ ሞራ ጋርዶት ነበር። አሁን በነጭ ፋሻ ሸፍነውላቸው በአንድ ዓይን ቀርተዋል። መርፌ አይንኩ፣ ጎንበስ አይበሉ፣ ጭስ ያለበት አይቀመጡ ብሏቸዋል ሐኪሙ። እሳቸው ደግሞ መርፌ ካልነካሁ ምን ልንካ ብለው ቀኑን ሙሉ እኛ ቤት ነው የሚውሉት፤ እማዬ ጋ ተቀምጠው ሰፈሩን በአንድ ዓይን ይጠብቃሉ። ሹፌሩ ልጃቸው ሚስቱ መንታ ተገላገለችለት። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም የአባታቸውን ጆሮ የወረሱ። ባለስፌቷ ሄደው ሲመለሱ እንዴት ናቸው ብላቸው፣ ግማሽ ግማሻቸውን አይቻቸዋለሁ፣ የቀረውን ፋሻው ሲፈታ አሉኝ።

በዚያች በአንድ ዓይናቸው ግን እኔን አይስቱኝም። ከሥራ መጥቼ ከበር ስገባ፣ አጠገባቸው ያለችውን ቦርሳ ቀስ አድርገው ያነሱና ከጀርባቸው ካለው ትራስ ሥር ይከቷታል። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ነው ደግሞ። ያንቺ ነገር ከሆነ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ጫማዬን አወልቃለሁ። የእማዬን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ስምሽን አታነሳም። የላክሽላት ሻርፕ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ የምትልኪውን ገንዘብም እኔ እንጂ እሷ አትነካውም። ከየት እንደመጣ አላውቅም ነው መልሷ። ልጅሽ ሠርታ ነው ስላት፣ እዚህም ሠርታ ነበር ትለኛለች።

ይህን የምጽፍልሽ ላስለቅስሽ አይደለም። ዛሬ የምነግርሽ ሌላ ነው፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሽቶ፣ ያ ተቆጣጣሪያችን፣ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ አውጥቶ ሦስተኛ ፎቅ እንዳዛወረኝ ጽፌልሽ ነበር፣ አንቺ ስትጠርጊ የነበርሽባቸው ክፍሎች ላይ። እኔ ሳልጠይቀው፣ ሳልለምነው። ቤተሰቡ ሥራውን ያውቀዋል አለኝ፣ ከዚያች ፈገግታው ጋር። ስሙን አንቺ ነሽ ያወጣሽለት፤ እስከ ዛሬ ድረስ ተቆጣጣሪው ብሎ የሚጠራው የለም፣ ሁሉም ከጀርባው ሽቶ ነው የሚለው። አሁንም እሱ ደረጃውን ሳይጀምር ሽቶው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ይጠብቀናል። ታዲያ ያን ቀን ፈገግ ሲል ነገሩ ደስ አላለኝም። ሰው አንዷን እህት ሌባ ብሎ አባሮ ሌላዋን እዚያው ቦታ የሚያስገባው ምን ሊያይ ነው? እያልኩ አልጋ ማንጠፍ ጀመርኩ።

በወሩ መጀመሪያ አንድ እንግዳ መጣ። የዱቄት ፋብሪካውን ማሽን ሊፈትሽ ከውጭ የመጣ፣ ጠና ያለ ሰው፤ እጁ ወፍራም፣ ጥፍሩ ሥር የማይለቅ የማሽን ዘይት ያለበት። የመሣሪያ ሣጥኑ የአምባሳደሩን ወገብ ሊቆርጠው ነበር። አምባሳደሩን አልረሳሽውም መቼም፣ ሻንጣ ተሸካሚያችንን፣ በሁሉም ቋንቋ ሰላም የሚለውን። ይሄ እንግዳ የኛን ቋንቋ ከደህና አደርሽና ከአመሰግናለሁ በላይ አያውቅም። ያረፈው ኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል ነው፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ በሆነችው።

በማግስቱ ልጠርግ ስገባ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ የውሃ ብርጭቆ በአፉ ተደፍቶ አየሁ። ከሥሩ የታጠፈ ብር። እህቴ፣ አንቺን ያስባረረሽ ብርጭቆ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ የመጣ መሰለኝ። የቤቱ ደንብ እንደሆነ አልተለወጠም። ትራስ ላይ የተተወ ቲፕ ነው፣ ለጠራጊዋ ነው፤ ከትራስ ውጪ ያለ ሁሉ እንግዳው የረሳው ነው፣ መንካት የለም፣ ለሽቶ መናገር ነው። እሱም ወስዶ ቁልፉ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው ቁም ሣጥን ውስጥ ለባለቤቱ ያስቀምጠዋል። እና እኔ ምን አደረግኩ? ጠረጴዛውን ስወለውል ብርጭቆውን ዞርኩት። ጨርቁ እንዳይነካው እየተጠነቀቅኩ፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንዳለ ዙሪያውን ብቻ ጠረግኩና ወጣሁ። ለሽቶም አልነገርኩም። ብናገር ደግሞ አንቺ እንዴት አየሽው፣ ብርጭቆውን አንስተሽዋል ማለት ነው ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱም ሌላ ተጨመረበት። በየቀኑ ይጨመራል። ብሩ እየወፈረ ሲሄድ ብርጭቆው ዘመም ማለት ጀመረ። ከዚያ እንግዳው ቦታ ይቀይርለት ጀመር፤ አንድ ቀን መስተዋቱ ሥር፣ አንድ ቀን የበሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ፣ ከፎጣዎቹ ጎን፣ እጄ በግድ በሚደርስበት። ወጥመዱን ወደ አይጧ እያስጠጋ ነው አልኩ። ትራሱ ላይ ግን አንድ ቀን ሳንቲም ጥሎ አያውቅም። ለኔ ቢሆን ትራሱ የት ሄደና?

ደግሞ ያየኛል። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ይቆምና ፊቴን ትክ ብሎ ያያል። በዚህ ዕድሜዬ ለውበቴ ነው እንዳልል መስታወት አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት የራሱን የፊት ጥርስ በጣቱ አሳየኝ፣ በሁለት ጣቶቹ መሐል ቀዳዳ ሠራ፣ ወደ ፊቴ ጠቆመና አንዲት ቃል አለ፤ እህት? አለኝ። ያቺን ቃል የት እንደተማራት እንጃ። የጥርስሽን ክፍተት ነው የሚያሳየኝ። እህት የለኝም አልኩት። ይቅር በይኝ፣ በፍርሃት ነው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ወዲያው ወርጄ አምባሳደሩን ያዝኩት። ይሄ ሰውዬ ማን ነው ስለው፣ ምነው የአምናው ሰውዬ አይደል እንዴ፣ በየዓመቱ ማሽኑን ሊያይ ይመጣል፣ አምናም እዚያው ክፍል ነበር አለኝ። አምና እኔ ምድር ቤት አንሶላ ሳጥብ ነበርና መልኩን አላየሁትም። አሁን ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ያንን ቀን አስቢው፤ ሽቶ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ እንግዳው አገሩ ገብቶ ስልክ ደውሎ ገንዘቤን አጣሁ ብሏል ብሎ ሽርጥሽን በሰው ፊት ሲያስፈታሽ። አንቺ፣ እንግዳው ራሱ ነው የሰጠኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው ውሰጂ ያለኝ ስትይ። ደግሞ አፍሽ አያርፍም፣ በየቀኑ ምሳ ላይ ዛሬም ብርጭቆ ሥር አገኘሁ እያልሽ ለሁሉም ታወሪ ነበር፤ የደበቀ ሰው እንደዚያ አያወራም ያለ ግን አንድም አልነበረም። እና እኔ አምባሳደሩን ሰምቼ ያልኩት ይሄን ነው፤ ከሳሹ ተመልሶ መጣ፣ አንዷ አልበቃችውም፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሌባ ሊያወጣ ነው። እኔ ከዚህ ሥራ ከወጣሁ የእማዬን መድኃኒት ማን ይገዛል? ከዚህ ቤት ሁለተኛ ልጅ ተባራ ወጣች ሲባልስ እማዬ በየትኛው ደጃፍ ትወጣለች?

ስለዚህ ራሴን ላድን ብዬ ሽቶ ጋ ሄድኩ። ጋሼ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ክፍል ውስጥ ብርጭቆ ሥር ገንዘብ አለ፣ እኔ አልነካሁትም፣ እንዲያውቁት ነው አልኩት። ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገና፣ ጎበዝ፣ ካንቺ ይሄን ነበር የምጠብቀው፣ እንዳትነኪው፣ እኔ አየዋለሁ አለኝ። ተገላገልኩ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ክፍሉን ስከፍት ብርጭቆው ቀና ብሎ ተቀምጧል። ሥሩ ባዶ ነው። እና ክፍሉ ሸተተኝ። እንግዳው ሳሙናና የማሽን ዘይት ነው የሚሸተው፤ ይሄ ሌላ ነው። አፍንጫዬ ታውቀዋለች፣ ያንቺም ታውቀዋለች። መጋረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጧል።

ምናልባት አስቀምጦለት ይሆናል፣ ደንብ ነው አልኩ። ግን እንግዳው አልሄደም እኮ፣ አለ፤ ላለ ሰው ምን ያስቀምጡለታል? ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ባልዲዬን ይዤ ደረጃው ላይ እንግዳውን አገኘሁት። ፊቱ በራ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ፣ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ አለኝ። ምን አድርጌለት? ወረድኩና ልብስ ማጠቢያው ቤት የአንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ገባኝ፤ ሰውየው የወሰድኩት እኔ መስዬዋለሁ። ዛሬ ያመሰግናል፣ አገሩ ሲገባ ይደውላል። አንቺንም ያደረገሽ እንደዚሁ ነው አልኩ።

ሽቶን እንደ ዘበት ጠየቅኩት። ጋሼ፣ ያ ገንዘብ እንዴት ሆነ አልኩት። ዓይኔን እያየ፣ የትኛው ገንዘብ? አለኝ።

የትኛው ገንዘብ ብቻ። ከዚያ ኪሱን አስተካክሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ማንን ልመን? አምባሳደሩንም ጠረጠርኩት። እሱም ክፍል ይገባል ይወጣል። ደግሞ ያቺ እህትሽ ደህና ናት፣ ትጽፋለች፣ ብርዱን ለመደችው ሳይለኝ አንድ ቀን አይመሽበትም፤ ይሄም ሌላ ጥርጣሬ ነው፣ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ጠጋ ብዬ ኮቱን አሸተትኩት። ላብና የሻንጣ ቆዳ ነው። ምን ሆነሻል እትዬ አለኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። ለኔ መሐረብ ሊሰጠኝ ኪሱን ሲበረብር ሳየው አፈርኩና ሁሉንም ዘክዝኬ ነገርኩት።

እሱ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ያን የሚወደውን ትምህርቱን ጀመረልኝ። እትዬ፣ ይሄ ቲፕ የሚባል ነገር እንደየአገሩ ነው፣ አንቺ ትራስ ትራስ ትያለሽ፣ ትራሱን ማን ነገራቸው አለኝ። አንዱ አገር ሂሳቡ ላይ ተደምሮ ይከፈላል፣ ከዚያ በላይ ብትሰጪው ተሳስተሻል ብሎ ይመልስልሻል። አንዱ አገር ሳትሰጪ ከወጣሽ አስተናጋጁ ምን በደልኩሽ ብሎ በር ድረስ ይከተልሻል። አንዱ ሲጨብጥሽ በመዳፉ ያቀብልሻል፣ ዓይንሽን አያይም። አንዱ ደግሞ ሻንጣውን አሥር ደረጃ አሸክሞሽ ሲያበቃ እጅሽን ጨብጦ ስለ አገሩ አየር ያጫውትሻል፣ እሱ ለሱ ክፍያ ነው። እኔ ብዙ አየር ተከፍሎኛል አለኝ። እኔም ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። እዚያ የምትሠሪበት ሻይ ቤት ባለቤት፣ ደንበኛ ጠረጴዛ ላይ የተወውን ሳንቲም ይዘሽ ሩጪና መልሺ እንዳለሽ፣ ሰውየውም መንገድ ላይ ሲቀበልሽ የረሳውን ስላመጣሽለት አመስግኖሽ እንደሄደ የጻፍሽልኝን። ለእማዬ ጮክ ብዬ አንብቤላት ነበር፣ ያልሰማች መስላ ሽንኩርት ስትልጥ። ከዚያ ሳቀች። ሳቋን ስትይዝ እንባዋ መጣና ሽንኩርቱ ነው አለች።

አምባሳደሩን እንግዲያው ጠይቅልኝ አልኩት። ቁርስ ካለቀ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየን ቦታ፣ መግቢያው አዳራሽ ወንበር ላይ እንግዳውን አስቀመጠው። እኔ ቆሜ፣ መጥረጊያዬን እንደ ምስክር ይዤ፣ ገንዘብህን አልነካሁም በልልኝ አልኩ።

ሰውየው ግራ ገባው። ተነጋገሩ፣ በጣት፣ በአፍ፣ በስልክ ሥዕል ሁሉ። አምባሳደሩ ትራሱን ሲያስረዳው፣ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ያ ትልቅ ሰው እስከ ጆሮው ቀላ። ለካ በሳቸው አገር ወንድ ልጅ የሴት እጅ ያነጠፈው አልጋ ላይ ገንዘብ ጥሎ ከወጣ የሚያስበው ሌላ ነው። ለሌላ ዓይነት ሴት የሚደረግ ነው። እናቴ ብትሰማ ታንቀኝ ነበር ብለዋል። አክብረው የሚሰጡት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ብርጭቆ ደፍተውበት፣ ነፋስም ሌላ ሰውም እንዳይወስደው፤ ያጸዳሽው ብርጭቆ ነውና ያንቺ ነው ለማለት። እኔ ሳላነሳው ስቀር አስቀይሜያታለሁ፣ ቦታው ከብዷት ይሆናል ብለው ነው ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩት የከረሙት። በኋላ ጠፍቶ ሲያገኙት ታረቀችኝ ብለው ደስ አላቸው። ይኸው አንቱ እያልኳቸው ነው፣ አየሽ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንተ ማለት አቃተኝ።

ከዚያ ደግሞ እሳቸው ጠየቁ። አምና የነበረችው፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነችው፣ አንቺን የምትመስለው ልጅ የት ሄደች አሉ። እሷ መጀመሪያ ቀን ብርጭቆውን እያየች ቆማ አገኘኋት፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ያንቺ ነው አልኳት፣ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ወዲህ ተግባባን አሉ። ዘንድሮ ሳጣት አግብታ ይሆናል ብዬ ነበር አሉ። ያንቺን ምልክት፣ ያን ማንም ያላመነሽን፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእጃቸው አሳዩኝ። ሁለት ጊዜ።

አምባሳደሩን፣ ስልክ ደውለው እንደሆነ ጠይቅልኝ አልኩት። ወደዚህ ሆቴል፣ ከሄዱ በኋላ። እሳቸው ሳቁ። እዚህ ተቀምጬ ሻይ ማዘዝ ያቃተኝ ሰው፣ ከዚያ ሆኜ በስልክ ማንን ላናግር አሉ።

እኔ አልሳቅኩም። አምባሳደሩም አልሳቀም።

ምንም አልልሽም፣ አንቺው አስቢው። በዚያ ቤት ስንት አገር ሰው ያርፋል፤ ትራሱን የማያውቅ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መታጠቢያው ጋ፣ መጽሐፍ ሥር የሚተው ስንት ነው? እኛ ደንብ ነው እያልን ሁሉንም ለሽቶ ስንናገር ኖርን። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ገንዘቤን ብሎ መጥቶ የወሰደ እንግዳ አንድ ቀን አይተሻል? እኔ አላየሁም። አንቺ ያን ብርጭቆ አንስተሽ፣ ደግሞ ምሳ ላይ በደስታ ለሁሉም ስታወሪ፣ ከማን አፍ እንደነጠቅሽ አሁን ነው የገባኝ።

እንግዳው ወዲያውኑ ለሆቴሉ ባለቤት ልንገር ብለው ተነስተው ነበር። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። ባለቤቱ ለማን እንደሚያደላ አላውቅማ። እንግዲያው ስሄድ ሂሳብ ስከፍል እነግረዋለሁ፣ አምባሳደሩ ያስተረጉማል አሉ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ወደ ፋብሪካው አልሄዱም፣ ክፍላቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ልክ ባልዲዬን ሳስቀምጥ ሽቶው ደረሰ፣ ከኋላው ሽቶ፣ የክፍሎቹን ቁልፍ በእጁ ይዞ። ሰውየው እሱን እያዩ፣ ብሩን እኔ መዳፍ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፉልኝ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔም አደረግኩ። ሽቶ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰና መስኮቱን ማየት ጀመረ፣ እዚያ ጋ ጓሮ እንጂ ምን አለ?

ማታውን ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ድስቱን ከድና ተኛች።

እሑድ ዕረፍቴ ነበር። ባለስፌቷ እንደ ልማዳቸው መጥተው እማዬ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ቦርሳቸው ትራሱ ሥር ናት። በድንገት ባለስፌቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ማነው እንዲህ የሚሸተው፣ ዓይኔን አቃጠለኝ አሉ። በሩ ገና አልተንኳኳም ነበር። ከዚያ ተንኳኳ። ሽቶ ነው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ቤታችንን ረግጦ የማያውቀው፣ ብስኩት በካርቶን ይዞ። እማማ ብሎ እማዬን ጎንበስ ብሎ ሳማት። ሻይ ቀዳሁለት።

ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ባለስፌቷ ዓይን ጠየቀ። ከዚያ ወደ ነገሩ መጣ። ትንሿን ብዙ ጊዜ አስባታለሁ አለ። ሰው ይሳሳታል፣ የቤቱ በር ክፍት ነው፣ ያለፈው አለፈ፣ ከፈለገች ነገ ትመለስ አለ። አድራሻዋን ብትሰጡኝ እኔው ራሴ እጽፍላታለሁ፣ ባለቤቱን ግን በትንሽ ነገር ባናስቸግረው ይሻላል፣ እንግዳም መጥቶ ይሄዳል፣ እኛ ግን አብረን ነዋሪ ነን አለ። ይሄን ሲል እኔን ነው የሚያየው። እኔ የብስኩቱን ካርቶን እያየሁ ነበር። ልመና ይሁን ማስፈራሪያ አልለይ አለኝ።

እማዬ ናት የመለሰችለት። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ አለችው፤ ያ ሰውዬ የደወለልህ ጊዜ፣ በምን ቋንቋ አወራችሁ?

እህቴ፣ ሻዩን ሊጠጣ አንስቶት ነበር፣ እዚያው አየር ላይ ቀረ። አስተርጓሚ ነበረ እማማ አለ። ማን ነበር አስተርጓሚው አለችው። ቤቱ ውስጥ ከአምባሳደሩ በቀር ሌላ እንደሌለ እሷም ከኔ ሰምታለች፣ እሱም ያውቃል። ስሙን ረሳሁት አለ። እሺ፣ ስታስታውሰው ና፣ ያን ጊዜ አድራሻዋን እንሰጥሃለን አለችው። ካርቶኑንም ከጠረጴዛው አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ ቀስ አድርጋ፣ እንግዳ እንደምትሸኝ።

ከሄደ በኋላ ባለስፌቷ መስኮቱን ክፈቱልኝ አሉ። ከፈትኩ። ከዚያ ትራሱ ሥር እጃቸውን ሰደው ቦርሳቸውን አወጡና ወደ እኔ ዘረጉልኝ፤ ልጄ፣ የዓይን ጠብታዬ ከውስጥ አለች፣ እኔ አልታየኝም፣ አንቺ ፈልገሽ አውጪልኝ አሉኝ። ጠብታዋ ከላይ ነበረች። እኔ ግን ረጅም ጊዜ ፈለግኳት።

አሁንም አልተማመንኩም፣ ልንገርሽ። እንግዳው ሊሄዱ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ባለቤቱ ሰምቶ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ሽቶም በየት በኩል እንደሚጥለኝ አላውቅም፣ በየደረጃው እግሬን እያየሁ ነው የምረግጠው። ስምሽ በባለቤቱ ፊት እንዲነሳ ትፈልጊ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ አንቺ ሳትፈቅጂ አላነሳውም። ከዚህ ቤት ነው የተላክሁት የሚል ሰው በርሽን ቢያንኳኳ አትክፈቺ፣ መጀመሪያ አሽትቺ። አምባሳደሩ ከሆነ ግን ክፈቺለት፤ ሰላም በልልኝ ብሎኛል፣ በሰባት ቋንቋ ነው ያለው፣ አንዱንም ልጽፈው አልቻልኩም።

እግርሽ የሚረግጠውን መሬት ያሙቅልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ምላስ ይሰውርሽ። ላብሽን የሚያይ ሰው አያሳጣሽ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ

ይህን አጥፌ ልዘጋው ስል እማዬ ከጓዳ መጣች። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፣ እያወቀች። ለእህቴ አልኳት። እንግዲያው አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለች፤ ሻርፑ በሙቅ ውሃ ነው የሚታጠበው ወይስ በቀዝቃዛ? የአንገቱ ጋ ትንሽ ሻይ ፈሶበታል አለችኝ።